ወረርሽኝ ሲገባ ሆስፒታሉ ራሱ በሽታ እንዳያድል፦ ከዋርድ የተጻፈ

የኮቪድ ጊዜ አራት ነርሶች ባንድ ሳምንት ፖዘቲቭ ወጣን። ዋርድ ስንገባ ከላይ እስከ ታች ታሽገን ነው፣ ጋውን፣ ጓንት፣ ማስክ፣ ፌስ ሺልድ፣ ላቡ በጀርባችን እየወረደ፣ የአንዳችን ማስክ ከአፍንጫ ዝቅ ካለ እንጯጯሃለን። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ሁሉንም አውልቀን፣ እጃችንንም ታጥበን (ይቺን አልረሳንም)፣ ሁለት በሦስት ሜትር የምትሆን ሻይ ክፍል ውስጥ መስኮቷን ጥርቅም አርገን ስድስት ሆነን ባንድ ትሪ ሽሮ ከበብን። ጉርሻው አለ፣ ሳቁ አለ፣ ማስኩ ኪስ ውስጥ ነው። የታመምነው አራታችንም ከዛች ትሪ ነን፣ ከኛው ዋርድ ሆነው ምሳቸውን ግቢ ውስጥ ዛፍ ስር የበሉት ሁለቱ ግን ምንም አልሆኑም። በርግጥ በዚ ብቻ ከየት እንደያዘን መማል አይቻልም፣ እኔ ግን ከዛ ወዲህ ሻይ ክፍሏን እንደ ኮቪድ ክፍል ነው የማያት።

ኢንፌክሽን መከላከል ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ያቺን የጠፈርተኛ የምትመስል ልብስ ነው። ልብሷ ታስፈልጋለች፣ አልጣላትም። ግን በሽታው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ፈርተን በተጠነቀቅንበት ቦታ ሳይሆን ዘና ባልንበት ቦታና ማንም በማይቆጥራቸው ሰዎች በኩል ነው፣ አስታማሚ፣ ጽዳት ሰራተኛ፣ ጥበቃ፣ ምግብ አዳይ። ስለዚ ይሄን የምጽፈው ለነርስና ለሐኪም ብቻ አይደለም፣ ነገ አባቱን ሊያስታምም ጋቢ ይዞ ለሚገባውም ጭምር ነው።

ምሳሌዬ ኮቪድ የሆነው ያየሁት እሱን ስለሆነ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ተለየ፣ ቆይቶም ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ተደርድሮበት ማከሚያ ሆነ። ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ሲያመው መጀመሪያ የሚሄደው እዛ አይደለም፣ ሰፈሩ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ "ጨጓራዬን ነው" ብሎም ሊመጣ ይችላል። ስለዚ ማንኛውም ሆስፒታል የወረርሽኝ ሆስፒታል ነው ብላችሁ ጀምሩ።

በር ላይ

ግንባር ላይ የምትተኮሰዋን ቴርሞሜትር አትመኑ። ጸሐይ ላይ ተሰልፎ የቆየ ሰው ትኩስ ይሆናል፣ ጠዋት ፓራሲታሞል ውጦ የወጣ ደግሞ ምንም አይታይበትም፣ ቫይረሱ ኖሮበት ጭራሽ የማያተኩሰውም ብዙ ነው። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ጥያቄ ይሻላል፦ ሳል አለ ወይ፣ ትንፋሽ ያጥራል ወይ፣ ማሽተት ጠፋ ወይ፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ ወይ። አጠያየቁ ደግሞ ወሳኝ ነው። በ2012 ሰው የሚደብቀው ኳራንቲን ያስገቡኛል፣ ሰፈር ያወራብኛል ብሎ ነበር፣ ጥበቃው ከሰልፉ ፊት ጮክ ብሎ "ሳል አለብህ?" ካለው ማን አዎ ይላል? ትንሽ ወጣ አርጋችሁ፣ ድምጽ ቀንሳችሁ፣ "አባቴ፣ ቶሎ እንድናይዎት ነው የምጠይቅዎት" በሏቸው፣ ያኔ ይነግሯችኋል።

አዎ ያለው ሰው ወዲያው ማስክ ይሰጠው፣ ከሌላው ሰልፍ ይለይ፣ ቢቻል ውጪ በድንኳን ወይ በረንዳ ላይ ይጠብቅ። ወንበሮቹን ቢያንስ በአንድ ሜትር አራርቁ፣ ሁለት ከሆነ እሰየው። መሬት ላይ የምትለጠፈዋ የፕላስተር ምልክት ሰው ያልቃታል ትላላችሁ ግን ትሰራለች፣ ሰው መስመር ካየ ይቆማል።

ለጥበቃዎቹ ማስክ ስጧቸው እባካችሁ። በቀን ከሁሉም በላይ ሰው ፊት ለፊት የሚያናግሩት እነሱ ናቸው፣ እኔ በነበርኩበት ቦታ ደግሞ ማስክ ሲታደል መጨረሻ ላይ የሚታወሱት እነሱ ነበሩ፣ ያውም ከተረፈ።

መስኮት፣ ማለትም ትልቁ ጦርነት

መጀመሪያ አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ኮቪድ በአየር አይተላለፍም ብሎ ነበር፣ በኋላ ነው ቀስ እያለ ቃሉን ያስተካከለው። እኛም በዛ ምክንያት ስንት ወር ሙሉ እጀታና ጠረጴዛ ስናሽ ከርመን መስኮቱን ረሳነው። ዛሬ ላይ እርግጡ ይሄ ነው፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚተነፍስ ታማሚ ትንፋሹ እንደ ሲጋራ ጭስ አየሩ ላይ ይቆያል። በአንድ ሜትር መራቅ ብቻውን አይበቃም፣ አየሩ ካልተቀየረ ጭሱ ወደናንተም ይመጣል።

ታዲያ አገራችንን ታውቋታላችሁ፣ ታክሲ ውስጥ መስኮት ስትከፍት "ዝጋው ብርድ ሊመታኝ ነው!" የሚል ሕዝብ ነው። ዋርድም ያው ነው። እኔ ከፍቼ ዞር ስል አስታማሚው ይዘጋል፣ እሱ ሲተኛ እኔ እከፍታለሁ፣ እንዲ ስንባባል ይነጋል። አንድ ሌሊት አንዲት እናት "ልጄን በሳንባው ታሞብኝ አንቺ ብርድ ትጨምሪበታለሽ?" ብላኝ አለቀሰች። አልተከራከርኳትም። አልጋውን ከመስኮቱ ስር ወደ ግድግዳው ሳብኩላት፣ ጋቢ ደረብንለት፣ ካልሲ አጠለቅንለት፣ ከዛ የላይኛዋን ትንሽ መስኮትና ማዶ ያለውን መስኮት ከፈትኩ። "እሱ እየሞቀው ነው፣ አየሩ ደግሞ እየወጣ ነው" ስላት ገባት። ዘዴው ይሄ ነው፣ መስኮቱን መክፈት ሳይሆን በሽተኛው እንዳይበርደው ማረግ።

በተፈጥሮ አየር ለሚሰራ ዋርድ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ለአንድ ታማሚ በሰከንድ 60 ሊትር አየር ነው፣ ትንፋሽ የሚበትን ስራ የሚሰራበት ክፍል ከሆነ ደግሞ 160። ይሄን የሚለካ መሳሪያ እኛ ጋ የለም፣ ስለዚ ቀላሉን አርጉ፦ ፊት ለፊት የሆኑ ሁለት መስኮቶች ወይ መስኮትና በር አንድ ላይ ይከፈቱ፣ አንድ መስኮት ብቻ ከፍቶ አየር ይዞራል ማለት ከንቱ ነው። ከዛ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በክር አንጠልጥላችሁ በሩ ጋ ያዙ። ሶፍቱ ወደ ዋርዱ ውስጥ ካዘነበለ ጥሩ፣ አየሩ ከኮሪደር ወደ ዋርድ ከዛም በመስኮት ወደ ውጪ እየሄደ ነው። ወደ ኮሪደሩ ካዘነበለ ግን የዋርዱን ትንፋሽ በሙሉ ተረኛ ክፍላችሁ ድረስ እየላካችሁ ነው፣ በሩን ዝጉና ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ብቻ ክፈቱ። ዕጣን አጭሶ ማየትም ይቻላል የሚል አለ፣ እውነት ነው ይቻላል፣ ግን ኦክስጅን በተከፈተበት ክፍል እሳት የሚባል ነገር እንዳታቀርቡ፣ አደራ። ቬንትሌተር ካላችሁ (የቤቱን ማለቴ ነው፣ የሚነፋውን) አየሩን ከሰው ወደ መስኮት እንዲገፋ አዙሩት፣ ከታማሚው ወደናንተ እንዲነፋ አይደለም። ይሄን የምጽፈው ተቃራኒውን ስላየሁ ነው።

ትንፋሽ የሚበትን ስራ ያልኩት መተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮ ማስገባት፣ ሳክሽን ማረግ (አክታ በመሳሪያ መምጠጥ)፣ ኔቡላይዘር (መድኃኒቱን እንደ ጉም አርጎ የሚያስተነፍሰው መሳሪያ) እና የመሳሰሉት ናቸው። በፈረንጆቹ 2003 ሳርስ (የኮቪድ ዘመድ የሆነ የሳንባ በሽታ) ሆንግ ኮንግ የገባ ጊዜ አንድ ዋርድ ውስጥ ከተኛ አንድ ሰው ተነስቶ ከ100 በላይ ሰው ተያዘ፣ ሰውየው ኔቡላይዘር ይሰጠው ነበር፣ ዋርዱም አየሩ በደንብ አይዞርም ነበር። ስለዚ አስም ላለበት ሰው ከቻላችሁ በኔቡላይዘር ፈንታ ፓፍ (በእጅ ተጭኖ ወደ አፍ የሚነፋው መድኃኒት) በስፔሰር (ፓፉ መጀመሪያ የሚነፋበት ባዶ እቃ) ስጡ። ስፔሰር የለም? ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ በስታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግ ነው፣ ለልጆች ስንት ዓመት የሰራንበት ነገር ነው፣ ይሰራል። ለእያንዳንዱ ታማሚ የራሱ ይሁን እንጂ።

እጅና ጓንት

እጅ ስለመታጠብ ሁሉም ስለሰማ አላረዝመውም። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና ሳሙና ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ የአውራ ጣትና የጣቶች ጫፍ አይረሱ፣ ቀለበት ይውለቅ። መቼ ለሚለው፦ በሽተኛውን ከመንካት በፊት፣ መርፌና ካቴተር አይነት ንጹህ ስራ ከመስራት በፊት፣ ደምና ፈሳሽ ከነካችሁ በኋላ፣ በሽተኛውን ከነካችሁ በኋላ፣ አልጋውን ወይ ኮመዲኖውን ብቻ ብትነኩም በኋላ።

ቧንቧው ደርቆ "ምን ላርግ" የሚለው ግን እውነተኛ ችግር ነው። ሮቶ ላይ የተንጠለጠለ ተስፋ አይበቃም፣ በየዋርዱ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመላት ባልዲ፣ ሳሙና፣ ከስር የውሃ መቀበያ ይኑር፣ ማን ጠዋትና ማታ እንደሚሞላት ደግሞ ስሙ ይጻፍ። ስም ያልተጻፈበት ባልዲ ባዶ ነው።

ሳኒታይዘር ሲጠፋ ፋርማሲያችሁ ራሱ ሊቀላቅል ይችላል፣ በ2012 ዩኒቨርሲቲዎች ሲያረጉት ያያችሁት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለ10 ሊትር፦ 96 ፐርሰንት ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 ፐርሰንት ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር፣ ቀሪው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ 10 ሊትሩ መስመር። ከዛ ተዘግቶ 72 ሰዓት ይቀመጣል፣ እቃው ውስጥ የነበረ ስፖር (ጠንካራ የጀርም ዘር) ካለ እንዲሞት ነው፣ ቸኩላችሁ አታከፋፍሉት። የሚቀላቀልበት ክፍል እሳት የሌለበትና አየር ያለው ይሁን። እና በአረቄ ታጥቤ መጣሁ የሚል ካጋጠማችሁ (አጋጥሞኛል) ቢያንስ 60 ፐርሰንት አልኮል ያስፈልጋል፣ ዳግም አረቄም አይደርስ በሉት፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ፌጦውን ግን በቤቱ ይብላ ማን ከለከለው።

ጓንት። ጓንት ያረገ ሰው እጁ ንጹህ ይመስለዋል፣ በሽታ አዟሪው ይሄ ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አንድ ባልደረባዬን ተከታተልኩት፣ በዛው ጓንት ግፊት ለካ፣ ኦክስጅኑን አስተካከለ፣ ቻርት ጻፈ፣ ስልኩ ጠራ አነሳ፣ መጋረጃውን ሳበ፣ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደ። "ጓንትህን ቀይር እንጂ" ስለው "አርጌያለሁ እኮ!" ብሎ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ጓንት የሚጠብቀው እሱን ነው፣ ያውም ፊቱን እስኪነካ። አንድ ጓንት ለአንድ በሽተኛ፣ ካወለቃችሁ በኋላም እጅ ይታጠባል ምክንያቱም ጓንት ይቀደዳል፣ ሲወልቅም ይነካካል። ጓንቱን በአልኮል እያሹ መቀጠልም አይሆንም። ደምና ፈሳሽ የማይነካ ስራ ከሆነ ጭራሽ ጓንት አያስፈልግም፣ ሌላውን እንዳያስይዝ ተለይቶ በጥንቃቄ ከተያዘ ሰው በቀር፣ የተረፈው ለሚያስፈልገው ይቀመጥ።

ስልክ ደግሞ ስድስተኛ ጣታችን ሆኗል። ዋርድ ከመግባታችሁ በፊት በቀጭን ላስቲክ ጠቅልሉት፣ ስትወጡ ላስቲኩን ጣሉት፣ ወይ እዛው ተዉት።

ማውለቅ ነው ጉዱ

ስንለብስ ሁላችንም ጠንቃቃ ነን፣ ሲደክመን ነው የምንሳሳተው፣ ስናወልቅ ደግሞ ሁሌም ደክሞናል። ቅደም ተከተሉ በየቦታው ትንሽ ይለያያል፣ ሆስፒታላችሁ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ተከተሉ፣ እኛ የምናረገው ግን እንዲ ነው፦ መጀመሪያ ጓንቱ፣ አንዱን ከውጪ በኩል አንጓ ጋ ቆንጥጦ ገልብጦ ማውለቅ፣ የወለቀውን በሌላኛው መዳፍ ጨብጦ ባዶውን ጣት ከውስጥ በኩል አስገብቶ ሁለተኛውን በላዩ መገልበጥ። እጅ በአልኮል። ከዛ ጋውኑ፣ ማሰሪያውን ከኋላ ፈትቶ ከትከሻ ወደ ፊት እየገለበጡ፣ ውጪው ወደ ውስጥ እንዲጠቀለል፣ ሳያራግቡ። እጅ በአልኮል። መነጽሩ ወይ ፌስ ሺልዱ ከኋላ በኩል በማሰሪያው ተይዞ ወደ ፊት። ከክፍሉ ወጥታችሁ በሩን ከዘጋችሁ በኋላ ማስኩ፣ የፊቱን ሳትነኩ በላስቲኩ ብቻ። መጨረሻ እጅ እንደገና።

ይሄን ብቻችሁን አታርጉት። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ይያችሁ፣ ያነበበላችሁን ብቻ አርጉ፦ "ጓንት... እጅ... ጋውን ቀስ... ፊትሽን አትንኪ!" ሲላችሁ አትቆጡት። በፈረንጆቹ 2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካ ላይ የጤና ባለሙያውን ሲጨርስ ከተማሩት ነገር አንዱ ይሄ የጓደኛ ዓይን ነው፣ ወጪ የለውም።

ኤን-95 (ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጥመውን ማስክ) ካገኛችሁ ባረጋችሁት ቁጥር ፈትሹት፣ በሁለት እጃችሁ ከድናችሁ በደንብ ተንፍሱ፣ በአፍንጫ ወይ በጉንጭ በኩል አየር ካመለጠ አልገጠመም። ጺም ካለ አይገጥምም፣ የፈለገ ቢጠብቅ። ጺማችሁን በእምነት ምክንያት የማትላጩ ካላችሁ ቱቦ የሚገባበት ክፍል ላይ ሌላ ሰው ይመደብ፣ ይሄ ቅጣት አይደለም።

በረኪና

ብዙ ጥፋት የሚሰራው እዚህ ነው። አንዲት የጽዳት ሰራተኛችን ነበረች፣ ጎበዝ፣ ወለሉን ስታብስ ፊትሽን ያሳይሻል። ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ነው፣ ትስላለች። ምን ያህል ነው የምትጨምሪው ስላት "እስኪሸተኝ ድረስ" አለችኝ። ማንም አሳይቷት አያውቅም፣ ስድስት ዓመት ሰርታለች።

መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ፐርሰንት እዩ። ከዛ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ለምትፈልጉት አካፍሉና አንድ ቀንሱ፣ የሚመጣው ለአንድ እጅ በረኪና የሚጨመረው የውሃ እጅ ነው። በረኪናው 5 ፐርሰንት ሆኖ 0.5 ከፈለጋችሁ፣ 5 ሲካፈል ለ0.5 አስር፣ አንድ ሲቀነስ ዘጠኝ። ስለዚ በ10 ሊትር ባልዲ አንድ ሊትር በረኪና፣ ዘጠኝ ሊትር ውሃ። በ20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ በሁለት ሊትር ሃይላንድ አንድ ሙሉ በረኪና፣ ቀሪው ውሃ። ይሄ ለደም፣ ለትውከት፣ ለሰገራ ነው። ለተራው የኮቪድ ወለልና አልጋ ብረት 0.1 ይበቃል፣ ማለትም አንድ እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ፣ በ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ እንኳን አይሞላም። ልዩነቱን አያችሁት? እሷ የምትጨምረው አምስት እጥፉን ነበር፣ ቫይረሱን አምስቴ አይገድለውም፣ የሷን ሳንባ ነው የሚበላው። ባልዲው ላይ በማርከር አንድ መስመር ለበረኪና አንድ መስመር ለውሃ ብታሰምሩ ሒሳቡን ማንም በቃሉ መያዝ የለበትም፣ እኛ እንዲ አረግን፣ ዓይኗም ተሻላት።

በተረፈ፦ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፣ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ቆሻሻው ይበላዋል። ከዛ በረኪናው ተቀብቶ አስር ደቂቃ ይቆይ፣ ወዲያው ከደረቀ ወይ ከተጠረገ ሽታ ብቻ ነው ያተረፋችሁት። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፣ ጸሐይ ላይ አይቀመጥ። ከሌላ የሽንት ቤት አሲድና ኬሚካል ጋር በፍጹም አይቀላቀል፣ መርዝ ጋዝ ይወጣዋል። ሰው ላይ አይረጭም፣ ያ በር ላይ ሰው እንደ በግ እያሳለፉ በክሎሪን የሚያርሱበት ዋሻ ነገር ቆዳና ዓይን ከማቃጠል በቀር ጥቅም የለውም። መጥረጉ ከንጹህ ወደ ቆሻሻ፣ ከላይ ወደ ታች፣ የሽንት ቤቱ መወልወያ ዋርድ አይገባም። የሚረሱት ቦታዎች ደግሞ የታወቁ ናቸው፣ የአልጋ ብረት፣ የመብራት ማብሪያ፣ የበር እጀታ፣ የኦክስጅኑ መክፈቻ፣ የግፊት መለኪያው ጨርቅ፣ የቻርት ክሊፕቦርድ።

ቆሻሻውን በአጭሩ፣ ተራው ጥቁር ባልዲ፣ ደምና ፈሳሽ የነካው ቢጫ፣ መርፌ ሴፍቲ ቦክስ (የስለት መጣያ ሳጥን) ውስጥ፣ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል፣ በእጅ ተጭኖ ቦታ አይፈለግለትም። አንሶላ አይራገብም፣ ከሰውነት አርቃችሁ ተሸክማችሁ ቀጥታ ከረጢት ውስጥ፣ በፈላ ውሃና ሳሙና ይታጠብ፣ ፈላ ውሃ ከሌለ በሳሙና ታጥቦ 0.05 ፐርሰንት ክሎሪን (የተበጠበጠ በረኪና) ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ። ይሄን ለሚሰሩት ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ ግዙላቸው፣ በቀጭን የምርመራ ጓንት ሴፍቲ ቦክስ አታሸክሟቸው።

አስታማሚና ጠያቂ

በፈረንጆቹ 2015 ደቡብ ኮሪያ ላይ መርስ (ይሄም የኮቪድ ዘመድ ነው) ሲገባ 186 ሰው ተያዘ፣ 38 ሞተ፣ አብዛኛው ሆስፒታል ውስጥ ነው የተያዘው። ሴኡል ያለ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለሦስት ቀን የቆየ አንድ ሰው ብቻውን 82 ሰው አስያዘ። ከነሱ ውስጥ 33ቱ ሌሎች ታማሚዎች ናቸው፣ የጤና ባለሙያዎቹ ደግሞ 8 ብቻ። ቀሪዎቹ 41ዱ እነማን ይመስሏችኋል? ጠያቂና አስታማሚ። ኮሪያዎችም እንደኛው ቤተሰብ ነው አልጋው ስር አድሮ የሚያስታምመው፣ ታሪኩን ሳነበው የኛን ዋርድ የማነብ ነው የመሰለኝ።

አስታማሚን አባርሩ አልልም፣ አይቻልምም፣ አንድ ነርስ ለስንት በሽተኛ እንደሆነ እናውቃለን፣ የሚያበላው፣ የሚያዞረው፣ ሽንት ቤት የሚወስደው እሱ ነው። ግን አንድ ይሁን፣ በየቀኑ የማይቀያየር ያው አንድ ሰው፣ ካርድ ይሰጠው። ቤተሰቡ ሲመርጥ ወጣትና ጤነኛውን ይምረጥ፣ ስኳርና ግፊት ያለባቸው እማማ "ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ" ቢሉም በቪዲዮ ያናግሩት፣ ነፍሰ ጡርም አትግባ። የገባው ሰው እንደ ሰራተኛ ይቆጠር፣ ማስክ ይሰጠው፣ እጅ መታጠብ ቆሞ ይማር፣ ሲያስለውና ሲያተኩሰው ሳይፈራ ይናገር፣ ትነግረኛለህ እንጂ አላባርርህም በሉት።

ለናንተ ለአስታማሚዎቹ ደግሞ፣ ደግነታችሁ ራሱ ነው የሚያስይዘው። የጎረቤት አልጋ ላይ ያለውን ሰው አስታማሚ የለውም ብላችሁ አጎረሳችሁት፣ ውሃ ቀዳችሁለት፣ ደግፋችሁ አስቀመጣችሁት፣ ከዛ በዛው እጅ ወደ አባታችሁ ተመለሳችሁ። እግዜር ይስጣችሁ፣ ግን ነርሷን ጥሩ፣ ወይ በመሃል እጃችሁን ታጠቡ። በየአልጋው እየዞሩ "እግዜር ይማርህ" ማለትም በሩቅ ይሁን፣ አይጨበጥ፣ አይሳም። ማታ ካርቶን አንጥፋችሁ ስትተኙ ራሳችሁን ወደ በሽተኛው አፍ ሳይሆን ወደ እግሩ በኩል አርጉት፣ መስኮት ቀረብ ባለው በኩል። ምግብ ማስኩን አውልቃችሁ እዛው አልጋው ጫፍ ላይ አብራችሁት አትብሉ፣ እሱን አብሉትና እናንተ ወጥታችሁ ግቢ ውስጥ ብሉ።

ጠያቂ ጉዳይ ይሉኝታ ነው ሌላ አይደለም። "ሳልጠይቀው ብቀር ምን ይለኛል" ብሎ አስራ አምስት ሰው ከአጥሚትና ከብርቱካን ጋር በር ላይ ይሰለፋል። እኛ የሰራልን ነገር ቢኖር ምግቡን በር ላይ ስም በተጻፈበት ፌስታል መቀበልና ጠያቂው ስሙን መዝገብ ላይ እንዲጽፍ ማረግ ነበር፣ ማታ መዝገቡን ለበሽተኛው እናነብለታለን፦ "እነ እገሌ መጥተው ነበር፣ ሰላም ብለውሃል።" ሰውየው ይደሰታል፣ ጠያቂውም መምጣቱ ታወቀለት፣ ማንም አልገባ። የንስሐ አባት ካስፈለጉ ደግሞ ጸሎቱን በስልክ፣ የግድ ከሆነ ማስክ አርገው ለአጭር ጊዜ፣ መስቀሉን ሳያሳልሙ ከፍ አርገው።

ወደ ሻይ ክፍሏ ስንመለስ

ትሪው ይቅር፣ ለጊዜው ነው። እያንዳንዱ በየሰሃኑ፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ፣ ብትችሉ ውጪ። የቡናው ስኒ በሳሙና ይታጠብ፣ ያቺ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ የምትደረገዋ አይደለችም። ልብስ መቀየሪያ ክፍልም ያው ሻይ ክፍል ነው፣ የሰርቪስ መኪናም ያው ነው፣ ሰርቪስ ውስጥ ማስክና መስኮት። "ጉንፋን ነው" ብሎ እያነጠሰ ተረኛ የሚገባ ባልደረባ ጀግና አይደለም፣ ቤቱ ይላክ፣ ግን ፈረቃ አጉድለሃል ብሎ ደሞዝ የሚቆርጥበት አለቃ ካለ ማንም አይናገርም፣ ስለዚ ኃላፊዎች መጀመሪያ የምታስተካክሉት እሱን ነው። ጋውናችሁን ለብሳችሁ ታክሲ አትግቡ፣ ዳቦ ቤትም አትሰለፉ።

ርክክብ ላይ ደግሞ ከመድኃኒቱና ከቻርቱ ሌላ አራት ነገር እንጻፍ ብለን ተስማምተን ነበር፣ እስካሁንም እየጻፍን ነው፦ ስንት ማስክና ሳኒታይዘር ቀረ፣ በረኪናው ስንት ሰዓት ተበጠበጠ፣ የትኛው አስታማሚ ሳል ጀመረው፣ የትኛው መስኮት ነው የተከፈተው። ማታ 12 ሰዓት የሚገባው ተረኛ የመጨረሻዋን አንብቦ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መስኮቱ ነው፣ ምክንያቱም አሁን ሰው ዘግቶታል።